የቤተሰብ ኑሮና የተማሪ ልጆች አመጋገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆችና መምህራን ስለ ልጆች ምግብ ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ በኢትዮጵያ ስላሉ ተማሪዎች ናቸው። አቋማችንን ከጅምሩ እንናገር። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት፣ ጠዋት ምን በልቶ እንደመጣ ይጠየቅ።

ልጄ ሁልጊዜ ጠግቦ ነው የሚውለው። የምግብ እጥረት እንዴት ሊኖርበት ይችላል?

ሊኖርበት ይችላል። ሆድ በእንጀራም፣ በዳቦም፣ በፓስታም ይሞላል። ኑሮ ሲከብድ መሶቡ ውስጥ እንጀራ ቶሎ አይጠፋም። ቀድሞ የሚጠፋው እንጀራው ላይ የሚወጣው ነው። ሥጋ ለበዓል ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ እንቁላሉ ይቀራል፣ ከዚያ ወተቱ። ከዚያ ሽሮው እየቀጠነ፣ ዘይቱ እየተቆጠበ ይሄዳል። ሲብስ ደግሞ እንጀራ በድልህ ተበልቶ ይታደራል።

ልጁ "በላሁ" ሲል እውነቱን ነው። ሰውነቱ ግን ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ አላገኘም። ባለሙያዎች የቫይታሚንና የማዕድን እጥረቱን ድብቅ ረሃብ ይሉታል። ልጁ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ የታመመ አይመስልም። ግን ከእኩዮቹ ያጥራል፣ ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል፣ ትንሽ ሮጦ ይደክመዋል።

የቤተሰብ ገቢ ያን ያህል ልዩነት ያመጣል?

ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ልጆች 38ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነበር። በጣም ድሃ በሆኑት ቤተሰቦች ውስጥ ቁጥሩ 45 ነው። በተሻለ ኑሮ ላይ ባሉት 26። በክልል ሲታይ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል፤ አማራ ክልል 46፣ አዲስ አበባ 15። ያኔ የተለኩት ሕፃናት በኋላ ደብተር ይዘው ክፍል የገቡት ተማሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የገቢው መጠን ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ልጁን ይነካዋል። የወር ደመወዝ ያለው ቤተሰብ ወር ሲገባ 5 ሊትር ዘይት ይገዛል፣ ሽሮ ያስፈጫል፣ ምስር በኪሎ ያስቀምጣል። በቀን ሥራ የምታድር እናት ግን ማታ የዕለቱን ክፍያ ይዛ ጉሊት ላይ ትቆማለች። ዘይቱን በትንሽ ፌስታል፣ ቲማቲሙን በመደብ፣ ሽሮውን በመለኪያ ትገዛለች። ቁርጥራጩ ሲደማመር ከሌላው ሰው የበለጠ ትከፍላለች። ዝናብ ጥሎ ሥራ ካልተገኘ ደግሞ የነገው ቁርስ የለም። የልጇ የትምህርት ቀን በአየር ሁኔታ ይወሰናል ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን እናት "ለልጅሽ የተመጣጠነ ምግብ ስጪ" ብሎ መምከር ብቻውን ምንም አይረዳትም። ስለ አመጋገብ የሚሰጡ ብዙዎቹ ትምህርቶች ይህን ይዘሉታል፤ ያሳዝናል።

ታዲያ ገንዘብ ካለ ችግሩ አለቀ?

አላለቀም። ቁጥሩን እንደገና ይመልከቱት። በሀብታሞቹ ቤት እንኳ ከ4 ልጆች አንዱ ቀንጭሯል። በዚያው ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚበቃ ምግብ በዓይነትም በድግግሞሽም ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ልጅ የጎደለበት ሁሉ ገንዘብ አጥቶ አይደለም።

ከተማ ውስጥ ገንዘብ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። የአንዳንድ ልጅ ምሳ ዕቃ ሲከፈት ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ቺፕስ፣ ብስኩትና የታሸገ ጁስ ነው ያለው። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ወደ 7 የሻይ ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ልጅ በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን የተሻለውን ልክ ለማለፍ ይበቃል። ወላጅ ግን የሚገዛው ለልጁ ፍቅሩን ሊያሳይ ነው። አንዳንዱም ራሱ በልጅነቱ ያላገኘውን ነው የሚሰጠው። ይገባናል። ሆኖም ቆሎና ሙዝ ይዞ የሄደው የጎረቤት ልጅ የተሻለ በልቷል።

የእናት ትምህርት ሁልጊዜ የሚነሳው ለምንድን ነው?

ልዩነቱ ስለሚታይ ነው። በዚያው የ2016 ጥናት፣ ምንም ካልተማሩ እናቶች ልጆች 42 በመቶው ቀንጭረዋል። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ በተማሩት ዘንድ ቁጥሩ ከ20 በመቶ በታች ነው።

ይህን ግን "ያልተማረች እናት አታውቅም" ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። የተማረች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ዘግይታ ታገባለች፣ ጥቂት ልጆች ትወልዳለች፣ የራሷ ገቢ ይኖራታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ለመጠየቅ አትፈራም። በቤት ወጪ ላይ ድምፅ አላት። ይህ የመጨረሻው ትልቁ ይመስለናል። ቦርሳውን የያዘው አባት ሆኖ ምክሩን ሁሉ ለእናት ማሸከም ተገቢ አይደለም። ስለ ልጆች ምግብ ስብሰባ ሲጠራ አባቶችም ይጠሩ።

ቁርስ ሳይበላ የሚሄድ ልጅ ምን ይሆናል?

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንደምንም ይገፋዋል። ሁለተኛው ላይ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው፤ የተጻፈውን ግን አይከተልም። ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ወይም ይነጫነጫል፣ ጎረቤቱን ይጎነትላል፣ ከዚያ "ረባሽ" ይባላል። መምህራን የሚያውቁት ሌላም ምልክት አለ። ልጆች "ራበኝ" አይሉም። "ሆዴን አመመኝ" ነው የሚሉት።

ምሳ ሰዓት ላይም ተመልከቱ። ምሳ ዕቃ ያልያዘው ልጅ "ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሄጄ እበላለሁ" ይልና ይወጣል። ሰፈሩን ዞሮ ከቧንቧው ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። ምሳ ዕቃ ያለው ግን ውስጡ ደረቅ እንጀራ የሆነበት ደግሞ ክዳኑን በከፊል ገልጦ፣ በእጁ ሸፍኖ ይበላል። ስለ ምግብ ማፈር የሚጀምረው በጣም በልጅነት ነው።

ከዘመድ ጋር ወይም በሰው ቤት ስለሚኖሩ ልጆችስ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ያነሰ ይጠየቃል። እኛ ግን በሰፊው ልንመልሰው እንፈልጋለን።

ከገጠር "ላስተምርሽ" ተብላ የመጣች ልጅ፣ የምትኖርበት ቤት ገቢ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ቤቱ በጥናት ቢመዘገብ "ደህና ኑሮ ያለው" ይባላል። እሷ ግን ጠዋት የቤቱን ልጆች ቁርስ አብልታ፣ ዕቃ አጥባ፣ የተረፈውን ቆማ ቀምሳ ነው የምትወጣው። አንዳንዷ ቀን ስትሠራ ውላ የማታ ትምህርት ትገባለች። እንጀራ ጋግራ ውላ ባዶ ሆዷን ክፍል የምትቀመጥ አለች። የቤቱ ገቢና የልጅቷ ሳህን አይገናኙም።

ወላጁን አጥቶ ከአያት ጋር የሚኖረውም እንዲሁ ነው። አያት ፍቅር አላት፣ ገቢ የላትም። ወንድምና እህት ብቻቸውን ቤት ተከራይተው የሚማሩም አሉ። በገጠር ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ወረዳ ከተማ ገብተው ክፍል የሚከራዩት ብዙዎች ናቸው። ሰኞ ከቤት ተሸክመው የመጡት ስንቅ ሐሙስ አካባቢ ያልቃል። ዓርብ ከክፍል የሚቀሩት ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የልጁን ሁኔታ ሲመዘግብ "የቤተሰብ ገቢ ስንት ነው?" ብሎ ማቆም የለበትም። "ከማን ጋር ትኖራለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? አንተ የምትበላው መቼ ነው?" ብሎ ይጠይቅ።

ገጠር እኮ ወተቱም እንቁላሉም እዚያው አለ። ልጆቹ ለምን ይቀነጭራሉ?

ወተቱ ለቅቤ፣ ቅቤው ለገበያ ነው። እንቁላሉም ይሸጣል፤ በእሱ ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተር ይገዛል። ገበሬው ያመረተውን ሁሉ ይበላል ማለት የከተማ ሰው ግምት ነው።

ወቅቱም አለ። ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው፤ አዝመራው ገና አልደረሰም። ልጁ አዲሱን ዓመት የሚጀምረው ቤቱ ውስጥ እህል በጣም ባነሰበት ወር ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ረጅም መንገድ በእግር አለ። እንሰት በሚበላበት አካባቢ ደግሞ ቆጮ ብቻውን ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላ ጋር ካልሆነ ልጅን አያሳድግም።

ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት አለመኖርም እዚህ ይገባል። ተቅማጥና የሆድ ትል ያለበት ልጅ የበላው ጥቅም አይሰጠውም። በትምህርት ቤት የሚታደለውን የትል መድኃኒት "ልጄን ያሳምምብኛል" ብለው የሚከለክሉ ወላጆች አሉ። እባካችሁ አትከልክሉ።

ጾም ልጆችን ይጎዳል?

ጾሙ ራሱ ሳይሆን የቤቱ ምድጃ ነው የሚወስነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲጾሙ አይገደዱም። ግን ቤቱ ሙሉ ሲጾም ለአንድ ሕፃን ብሎ እንቁላል የሚጠብስ፣ ድስት የሚለይ ስንቱ ነው? በዓመት ከ180 በላይ የጾም ቀኖች ሲኖሩ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለትንንሾቹ ወተትና እንቁላል መስጠት ይቀጥል። ለሚጾሙት ትልልቅ ልጆች ደግሞ የጾሙ ገበታ ራሱ ሀብታም ሊሆን ይችላል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ጎመን። ከባዱ ረዘም ላለ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ክፍል መዋል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል፤ አብዛኞቹ አባቶች ለተማሪና ለታመመ ልጅ ያዝናሉ።

የትምህርት ቤት ምገባ ለውጥ አምጥቷል?

አዎ፤ በተለይ አዲስ አበባ። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር በጣም የተቸገሩ ልጆችን እየለየ መመገብ ጀመረ። በ2012 የትምህርት ዘመን የከተማው አስተዳደር ሥራውን ተረክቦ በመንግሥት ቅድመ መደበኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉትን 300 ሺህ ያህል ተማሪዎች ሁሉ ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረ። በኋላ ቁጥሩ ከ700 ሺህ አልፏል። ምግቡን የሚያዘጋጁት አብዛኞቹ የአካባቢው እናቶች ናቸው፤ እነሱም ሥራ አግኝተዋል።

ትልቁ ነገር ሁሉም አብሮ መብላቱ ነው ብለን እናምናለን። "ድሃ የሆናችሁ ተነሱ" ተብሎ ሲለይ ልጁ ሆዱ ቢሞላም አንገቱን ይደፋል። ሁሉም በአንድ ወረፋ ሲሰለፍ ማን ምን እንደሌለው አይታወቅም። አቅም ያለው ወላጅም "ልጄ የምገባ ምግብ አይበላም" ባይል ጥሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጪ ታሪኩ ሌላ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድርቅ በሚጠቁና በአርብቶ አደር አካባቢዎች ተማሪዎችን ሲያበላ ቆይቷል። አንዳንድ ቦታ ከክፍል ላልቀሩ ሴት ልጆች ወደ ቤት የሚወሰድ ዘይት ይሰጥ ነበር፤ አባትየው ልጅቷን ከትምህርት ቤት እንዳያስቀራት አሪፍ ዘዴ ነው። ግን ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ዛሬም ምገባ የላቸውም። ያላቸውም በጀት ሲያልቅ ያቋርጣሉ። በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ምገባው ቁርስና ምሳ ነው። "ትምህርት ቤት በልቷል" ተብሎ እራቱ እንዳይቀነስበት።

በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ይካካሳል?

ዋናው ጊዜ ከእርግዝና እስከ 2 ዓመት ያለው ነው። ያኔ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ መመለስ ከባድ ነው። ጉዳቱም ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው በአፍሪካ የረሃብን ዋጋ ያሰላ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ክፍል ከሚደገመው 16 በመቶው ከመቀንጨር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። የቀነጨሩ ሰዎች በትምህርት ላይ የቆዩበት ጊዜም በአማካይ 1.1 ዓመት ያንሳል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን "አለቀለት" የሚባል ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በ20 አካባቢዎች ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት፣ አንዳንድ ልጆች ከሕፃንነት በኋላም በቁመታቸው ማገገማቸውን አይቷል። ጉርምስና ሲደርስም ሰውነት እንደገና በፍጥነት ያድጋል። ያኔ የሚበላው ምግብ ዋጋ አለው፤ የወር አበባ ለጀመረች ልጅ በተለይ ብረት።

በትንሽ ገንዘብ ምን ማድረግ ይቻላል?

መጀመሪያ ያላችሁን ጥራጥሬ አክብሩት። ሽሮ የድሃ ምግብ ተብሎ ይናቃል። ግን ጥሩ ሽሮ፣ ወፈር ብሎ ከተሠራ፣ ለልጅ ከብዙ ነገር ይሻላል። ጤፍ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል። አንድ ነገር ብቻ መጨመር ከተቻለ እንቁላል ይሁን፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢሆን እንኳ። ብዙ ቤት ያለው እንቁላል ለአባት ነው የሚቀርበው። ለልጁም ይድረስ።

ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ቢጫ ስኳር ድንች በትንሽ ዘይት ይሠሩ፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ ወይም ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ማቅረብ ብረቱ እንዲዋሃድ ያግዛል። ዘይቱን የሚባለው ፍሬ (ጉዋቫ) በወቅቱ ርካሽ ነው፤ በቫይታሚን ሲ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ግዙ፣ ከድነው ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት።

ለምሳ ዕቃ ንፍሮ፣ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች በእንቁላል፣ ፍትፍት። ልጅ "ጓደኞቼ ይስቁብኛል" ካለ አትቆጡት። እናቶች ተነጋግረው በአንድ ሳምንት ሁሉም ንፍሮ ቢልኩ ንፍሮ የሚያሳፍር አይሆንም።

ቁርስ ላይ ሻይ መስጠት ችግር አለው?

አለው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት ይቀንሳል። ሻይ በዳቦ የለመደ ቤት ቢያንስ ዳቦውን በኦቾሎኒ ቅቤ ወይም በእንቁላል ያድርገው። ሻዩ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ይሁን። አጥሚት ወይም ወተት ቢተካው የተሻለ ነው።

መምህር ነኝ። ምን ላድርግ?

ክፍል ፊት አትጠይቁት። ለብቻው ጠርታችሁ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት "ዛሬ ምን በላህ?" በሉት። የትላንቱንም ጠይቁ። ከሁለት ቀን መልስ ብዙ ይታወቃል። ከትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ጋር ተነጋገሩ፤ ብዙ ቦታ ዕድሩና ነጋዴው የሚረዳው ልጁ እንዳይታወቅ ሆኖ ሲጠየቅ ነው። ቤተሰቡ ለሴፍቲ ኔት (ለችግረኞች ለሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) የሚበቃ ከሆነ ወደ ወረዳው ወይም ቀበሌው መላክ ይቻላል።

መቼ ነው ጤና ጣቢያ መሄድ ያለብን?

የልጁ ልብስና ጫማ ከዓመት ዓመት ካልጠበበው። ክብደት ከቀነሰ። የዓይኑ ቆብ ውስጡ ወይም መዳፉ ከገረጣ። አፈር ወይም አመድ መብላት ካበዛ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል። ሲመሽ ማየት ካቃተው። እግሩ ካበጠ ደግሞ ዛሬውኑ ይሂድ።

ከ5 ዓመት በላይ ያለ ልጅ የሚመዘነው በቁመቱ፣ በክብደቱና በዕድሜው አንድ ላይ ነው፤ በዓይን ግምት አይሆንም። የተወለደበትን ቀንና ወር ይዛችሁ ሂዱ። የደም ማነስ ምርመራም ጠይቁ፤ ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል። ለመመርመሪያ ገንዘብ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የማኅበረሰብ ጤና መድህን ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቋት፤ እንዴት እንደሚመዘገቡ ታሳያችኋለች።